የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት የዓመት ሂሣብ፤ የሙከራ ሚዛንና የትርፍና ኪሣራ መግለጫ አዘገጃጀት

መግቢያ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከከበቧት ከተሞች መካከል ሲሆኑ፣ ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተዋቀረው በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የአካባቢው ደጋማነት፣ የድርቆሽ መገኘትና ከሁሉም በላይ የአዲስ አበባ ገበያ ቅርበት በነዚህ ከተሞችና በዙሪያቸው የወተት ላም እርባታ እንዲስፋፋ አድርገዋል። ወተት ሳይሸጥ ውሎ ማደር የማይችል ምርት በመሆኑም፣ አርቢዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ወተታቸውን በአንድነት መሰብሰብና መሸጥ፣ መኖም በጅምላ ገዝቶ መከፋፈል ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለ መኖ አዘገጃጀት፣ ስለ ላም አያያዝና ስለ ወተት ንጽሕና ለአርቢው ብዙ ይነገራል። ስለ ሂሣብ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ሆኖም ማኅበር የሚዳከመው በወተት ማነስ ብቻ አይደለም፤ በመተማመን ማነስም ነው። በጠቅላላ ጉባዔ ላይ «ባንክ ያለን ገንዘብ ስንት ነው? ለምን አንከፋፈለውም?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ኮሚቴው በቁጥር የተደገፈ መልስ ከሌለው ወይ የማይገባ ገንዘብ ይከፋፈላል፣ ወይም አባላት ኮሚቴውን ይጠረጥራሉ። ሁለቱም ማኅበሩን ይጎዳሉ።

ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ አንድ አነስተኛ የወተት ማኅበር የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የሙከራ ሚዛንና የትርፍና ኪሣራ መግለጫ እንዴት እንደሚያዘጋጅ ደረጃ በደረጃ እናብራራለን። በምሳሌነት የቀረቡት ቁጥሮችና ዋጋዎች ለስሌት እንዲቀሉ የመረጥናቸው እንጂ የማንም ማኅበር ሂሣብ አይደሉም።

1. በቅድሚያ ሊኖሩ የሚገባቸው መዝገቦች

የዓመት መጨረሻ ሂሣብ የሚሠራው ዓመቱን ሙሉ ከተያዘ መዝገብ ነው። በሰኔ መጨረሻ ከትዝታ የሚሠራ ሂሣብ ሂሣብ አይባልም። ስለዚህ ማኅበሩ ቢያንስ የሚከተሉት ሊኖሩት ይገባል፡-

ሀ) የዕለት ወተት መቀበያ መዝገብ፤ የአባሉ ስም፣ ያስረከበው ሊትርና የምርመራው ውጤት የሚጻፍበት፤
ለ) የገቢ ደረሰኝና የወጪ ማዘዣ፤ ተከታታይ ቁጥር ያላቸው፤
ሐ) የዕለት ሂሣብ መዝገብ (ጆርናል)፤ እያንዳንዱ ድርጊት በቀኑ የሚመዘገብበት፤
መ) ሌጀር፤ ለእያንዳንዱ የሂሣብ ዓይነት አንድ ገጽ ተከፍቶ ከጆርናል የሚዛወርበት።

እያንዳንዱ ድርጊት በሁለት በኩል ይመዘገባል። ይህን ሥርዓት ሉካ ፓቾሊ የተባለው ጣሊያናዊ መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቶታል፤ እስከ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። በግራ በኩል የሚጻፈው ዴቢት፣ በቀኝ በኩል የሚጻፈው ክሬዲት ይባላል። አንዱ መልካም ሌላው ክፉ ማለት አይደለም። ሀብትና ወጪ ሲጨምሩ በዴቢት ይጻፋሉ፤ ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ ሲጨምሩ በክሬዲት ይጻፋሉ።

ለምሳሌ አንድ አባል 20 ሊትር ወተት በሊትር 50 ብር ቢያስረክብና ገንዘቡ በ15 ቀን የሚከፈለው ቢሆን፣ የወተት ግዢ 1,000 ብር ዴቢት፣ ለአባላት የሚከፈል ሂሣብ 1,000 ብር ክሬዲት ይደረጋል። በ15ኛው ቀን ሲከፈለው ደግሞ ለአባላት የሚከፈል ሂሣብ ዴቢት፣ ባንክ ክሬዲት ይሆናል። ገንዘብ ሳይወጣ ግዢው እንደተመዘገበ ልብ ይሏል።

2. የሙከራ ሚዛን ምንድን ነው?

የሙከራ ሚዛን ማለት በሌጀር ላይ ያሉት ሂሣቦች ሁሉ ቀሪያቸው በአንድ ገጽ ተዘርዝሮ፣ የዴቢቱ ድምር ከክሬዲቱ ድምር ጋር እኩል መሆኑ የሚፈተሽበት ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ድርጊት በሁለቱም በኩል በእኩል መጠን ከተመዘገበ ድምሩም የግድ እኩል ይሆናል። እኩል ካልሆነ አንድ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው።

አዘገጃጀቱ እንደሚከተለው ነው፡-

ሀ) በሰኔ 30 እያንዳንዱን የሌጀር ገጽ በግራና በቀኝ መደመር፤
ለ) ከትልቁ ድምር ትንሹን ቀንሶ ቀሪውን ትልቁ ባለበት በኩል ማስቀመጥ፤
ሐ) ቀሪዎቹን በቅደም ተከተል (ሀብት፣ ዕዳ፣ ካፒታል፣ ገቢ፣ ወጪ) መዘርዘር፤
መ) ሁለቱን ረድፎች ደምሮ ማነጻጸር።

በዓመት 36,000 ሊትር ወተት፣ ማለትም በቀን ወደ 100 ሊትር ገደማ፣ የሚሰበስብና የመኖ መሸጫም ያለው ማኅበር የሙከራ ሚዛን ከዚህ በታች ቀርቧል።

የሙከራ ሚዛን፣ ሰኔ 30 (በብር)

ዴቢት
በካዝና ያለ ጥሬ ገንዘብ ........ 8,000
በባንክ ያለ ገንዘብ ........ 163,000
ከሆቴሎችና ከካፌዎች የሚሰበሰብ ........ 70,000
ከአባላት የሚሰበሰብ የመኖ ዱቤ ........ 45,000
የመኖ ክምችት፣ ሐምሌ 1 ........ 40,000
የወተት ማቀዝቀዣ ........ 200,000
የወተት ማጓጓዣ ቢዶኖች ........ 30,000
የወተት ግዢ ........ 1,800,000
የመኖ ግዢ ........ 600,000
ደመወዝ ........ 96,000
የቤት ኪራይ ........ 42,000
ትራንስፖርት ........ 60,000
መብራትና ውሃ ........ 12,000
የጽዳትና የወተት መመርመሪያ ዕቃ ........ 9,000
የጽሕፈት መሣሪያ ........ 4,000
የብድር ወለድ ........ 12,000
ድምር ........ 3,191,000

ክሬዲት
የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ ........ 52,000
ለአባላት የሚከፈል የወተት ዋጋ ........ 75,000
ለመኖ አቅራቢ የሚከፈል ........ 40,000
ብድር ........ 100,000
የአባላት ዕጣ ........ 180,000
መጠባበቂያ ........ 30,000
የወተት ሽያጭ ........ 2,030,000
የቅቤና የአይብ ሽያጭ ........ 34,000
የመኖ ሽያጭ ........ 650,000
ድምር ........ 3,191,000

3. ድምሩ እኩል ሳይሆን ሲቀር

ልዩነቱን ለመሸፈን ቁጥር መፈልሰፍ ፈጽሞ አይገባም። ስህተቱን በሚከተለው ቅደም ተከተል መፈለግ ጊዜ ይቆጥባል፡-

ሀ) በመጀመሪያ ሁለቱን ረድፎች ከታች ወደ ላይ እንደገና መደመር።

ለ) ልዩነቱን ለሁለት ማካፈል። የተገኘው ቁጥር ከዝርዝሩ ውስጥ ካለ፣ ያ ሂሣብ በተሳሳተ በኩል ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ልዩነቱ 8,000 ከሆነ ግማሹ 4,000 ነው፤ የጽሕፈት መሣሪያ ወጪ በስህተት በክሬዲት በኩል ተጽፎ እንደሆነ ማየት ነው።

ሐ) ልዩነቱን ለ9 ማካፈል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል። 6,300 ተብሎ መጻፍ የነበረበት 3,600 ከተጻፈ ልዩነቱ 2,700 ነው፤ ይህም ለ9 ሲካፈል 300 ይሆናል።

መ) ስህተቱ በዚህ ካልተገኘ ከሌጀር ወደ ጆርናል፣ ከጆርናል ወደ ደረሰኝ እየተመለሱ ማመሳከር።

ይህ ሥራ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ከተሠራ ፍለጋው የ12 ወር ይሆናል። በየወሩ ከተሠራ ግን የአንድ ወር ብቻ ነው። ስለዚህ ማኅበራት በየወሩ መጨረሻ የሙከራ ሚዛን እንዲያዘጋጁ እንመክራለን።

4. የሙከራ ሚዛን የማያሳየው ስህተት

ድምሩ እኩል ሆነ ማለት ሂሣቡ ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። የሚከተሉት ስህተቶች ሚዛኑን ሳያዛቡ ተደብቀው ይቀራሉ፡-

ሀ) ጭራሹኑ ያልተመዘገበ ድርጊት፤ ያለ ደረሰኝ የተሸጠ ወተት በግራም በቀኝም ስለሌለ ሚዛኑ አያውቀውም፤
ለ) በተሳሳተ ሂሣብ የተመዘገበ፤ ለምሳሌ የቢዶን ግዢ በጽዳት ዕቃ ሂሣብ ሲገባ፤
ሐ) በሁለቱም በኩል በእኩል መጠን የተሳሳተ ቁጥር፤
መ) እርስ በርሳቸው የተጣፉ ሁለት ስህተቶች።

ለእነዚህ መፍትሔው ከመዝገብ ውጭ ያለውን ነገር መቁጠር ነው። የካዝናው ገንዘብ በቁጥጥር ኮሚቴው ፊት ይቆጠር። የባንክ ቀሪ ከባንኩ መግለጫ ጋር ይመሳከር። መኖው በኩንታል ይቆጠር። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ከብር ሚዛን ጎን የሊትር ሚዛን ይሠራ። የተቀበልነው ሊትር፣ ከተሸጠው፣ ወደ ቅቤና አይብ ከተለወጠውና ከተበላሸው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። በምሳሌያችን ማኅበሩ 36,000 ሊትር ተቀብሎ 35,000 ሊትር በ58 ብር ሸጧል፤ 1,000 ሊትር ለቅቤና ለአይብ አውሏል። ሊትሩ ከጎደለ፣ የብሩ ድምር እኩል ቢሆንም እንኳ መጠየቅ ይገባል።

5. የዓመት መጨረሻ ማስተካከያ

የሙከራ ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ በቀጥታ ወደ ትርፍ ስሌት አይኬድም። በዓመቱ ውስጥ የወጣ ገንዘብ ሁሉ የዓመቱ ወጪ አይደለም፤ ገና ያልተከፈለ ነገርም የዓመቱ ወጪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አምስት ማስተካከያዎች ይደረጋሉ።

ሀ) የመኖ ክምችት። በሰኔ 30 ተቆጥሮ የተገኘው ፉሩሽካ፣ ፋጉሎና ድርቆሽ በተገዛበት ዋጋ 55,000 ብር ነው። ይህ ገና ያልተሸጠ ስለሆነ ከወጪ ይቀነሳል። በተለይ እንደ ሱሉልታ ባሉ ድርቆሽ በሚታጨድባቸው ቦታዎች፣ ድርቆሹ በርካሽ ጊዜ ተገዝቶ ለክረምት ሲቀመጥ ክምችቱ ካልተቆጠረ ማኅበሩ ሳይከስር የከሰረ ይመስላል።

ለ) የእርጅና ቅናሽ። 200,000 ብር የተገዛው ማቀዝቀዣ 10 ዓመት ያገለግላል ከተባለ በዓመት 20,000 ብር፣ 30,000 ብር የተገዙት ቢዶኖች 5 ዓመት ያገለግላሉ ከተባለ በዓመት 6,000 ብር፣ በድምሩ 26,000 ብር ወጪ ይያዛል። ይህን ወጪ ማንም መጥቶ አይቀበልም፤ ነገር ግን ማቀዝቀዣው ሲያረጅ መተኪያ የሚገኘው ይህ ታስቦ ገንዘብ ከተቀመጠ ብቻ ነው።

ሐ) በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ። የወር ኪራይ 3,000 ብር ሆኖ የተከፈለው የ14 ወር፣ ማለትም 42,000 ብር ነው። የሁለቱ ወር 6,000 ብር የሚመጣው ዓመት ወጪ ስለሆነ የዘንድሮው 36,000 ብር ብቻ ይሆናል።

መ) ያልተከፈለ ወጪ። የሰኔ ወር የመብራት ሂሣብ 1,000 ብር ገና አልተከፈለም። ሆኖም መብራቱ በሰኔ ስለበራ የመብራትና ውሃ ወጪ 13,000 ብር ይሆናል።

ሠ) የማይሰበሰብ ዱቤ። ከደንበኞች ከሚሰበሰበው 70,000 ብር ውስጥ 15,000 ብሩ ሥራውን ዘግቶ ከሄደ ካፌ የሚፈለግ ከሆነና ተስፋ ከሌለው፣ በጽሑፍ ተወስኖ ወጪ ይደረጋል። የማይገኝን ገንዘብ እንደ ሀብት ይዞ መቆየት ራስን ማታለል ነው።

6. የትርፍና ኪሣራ መግለጫ

መግለጫው የአንድን ጊዜ ገቢና ወጪ አነጻጽሮ ውጤቱን የሚያሳይ ነው። ወተቱንና መኖውን ለየብቻ ማቅረቡ የትኛው ሥራ እንዳተረፈ ስለሚያሳይ የተሻለ ነው።

የትርፍና ኪሣራ መግለጫ፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 (በብር)

የወተት ሥራ
የወተት ሽያጭ ........ 2,030,000
የቅቤና የአይብ ሽያጭ ........ 34,000
ሲቀነስ፤ የወተት ግዢ ........ 1,800,000
ከወተት ሥራ የተገኘ ጥቅል ትርፍ ........ 264,000

የመኖ ሥራ
የመኖ ሽያጭ ........ 650,000
የመኖ ክምችት፣ ሐምሌ 1 ........ 40,000
ሲደመር፤ የመኖ ግዢ ........ 600,000
ሲቀነስ፤ የመኖ ክምችት፣ ሰኔ 30 ........ 55,000
የተሸጠው መኖ ዋጋ ........ 585,000
ከመኖ ሥራ የተገኘ ጥቅል ትርፍ ........ 65,000

የሁለቱ ጥቅል ትርፍ ........ 329,000

ሲቀነስ፤ የሥራ ወጪዎች
ደመወዝ ........ 96,000
የቤት ኪራይ ........ 36,000
ትራንስፖርት ........ 60,000
መብራትና ውሃ ........ 13,000
የጽዳትና የወተት መመርመሪያ ዕቃ ........ 9,000
የጽሕፈት መሣሪያ ........ 4,000
የብድር ወለድ ........ 12,000
የእርጅና ቅናሽ ........ 26,000
የማይሰበሰብ ዱቤ ........ 15,000
የወጪ ድምር ........ 271,000

የተጣራ ትርፍ ........ 58,000

የማቀዝቀዣና የቢዶን መግዣ፣ የብድሩ ዋና ገንዘብና የአባላት ዕጣ በዚህ መግለጫ ውስጥ እንደማይገቡ መታወቅ አለበት። ብድር ሲገኝ ገቢ አይደለም፤ ዋናው ሲመለስም ወጪ አይደለም። ወጪው ወለዱ ብቻ ነው።

7. በባንክ ያለው ገንዘብ ሁሉ ትርፍ አይደለም

አሁን በመግቢያው ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ማኅበሩ በካዝናና በባንክ በድምሩ 171,000 ብር አለው። የተጣራ ትርፉ ግን 58,000 ብር ብቻ ነው። ጉባዔው 171,000 ብሩን ይከፋፈል ቢል ምን ይከተላል?

ከዚህ ገንዘብ ውስጥ 75,000 ብሩ አባላት በሰኔ የመጨረሻ 15 ቀናት ላስረከቡት ወተት የሚከፈላቸው ነው። 40,000 ብሩ የመኖ አቅራቢው፣ 1,000 ብሩ የመብራት ነው። እነዚህ ሲከፈሉ በእጅ የሚቀረው 55,000 ብር ነው። የ100,000 ብሩ ብድር ገና አልተነካም። ስለዚህ ገንዘቡን የተከፋፈለ ማኅበር በሐምሌ ወር የአባላቱን ወተት በዱቤ ተቀብሎ መክፈል ያቅተዋል፤ አባላትም ወተታቸውን ወደ ነጋዴ ይወስዳሉ። ማኅበሩ የሚፈርሰው በዚህ ዓይነት ነው።

ትርፍ ሲከፋፈልም ቅደም ተከተል አለው። በሥራ ላይ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009፣ እንዲሁም የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ በሚያዙት መሠረት ሂሣቡ ተመርምሮ፣ መጠባበቂያው ተቀንሶ፣ የቀረው በጉባዔ ውሳኔ ይከፋፈላል።

መግለጫው የወተት ዋጋን ለመወሰንም ያገለግላል። 58,000 ብር ለ36,000 ሊትር ሲካፈል ለአንድ ሊትር 1 ብር ከ61 ሳንቲም ገደማ ነው። አባላት ማኅበሩ ለአንድ ሊትር 2 ብር ይጨምርልን ቢሉና የመሸጫው ዋጋ ባይለወጥ፣ ተጨማሪው ወጪ 72,000 ብር ስለሚሆን ማኅበሩ 14,000 ብር ይከስራል። 1 ብር ቢጨመር ግን 22,000 ብር ትርፍ ይቀራል። ኮሚቴው ይህን ይዞ ከቀረበ ክርክሩ በድምፅ ብልጫና በጩኸት ሳይሆን በስሌት ይፈታል።

8. የጾም ወራትና ሂሣብ

በአገራችን የወተት ገበያ ከጾም ጋር የተያያዘ መሆኑ ይታወቃል። ረቡዕና ዓርብን ሳንቆጥር፣ 55 ቀን የሚጾመው ሁዳዴ ዘወትር የሚውለው በበጀት ዓመቱ ሁለተኛ ግማሽ ነው። ላሟ ግን በጾምም ትታለባለች። በምሳሌያችን 50,000 ብር የተገዛው 1,000 ሊትር ወተት ሳይሸጥ ቀርቶ ወደ ቅቤና አይብ በመለወጡ ያስገኘው 34,000 ብር ነው። በዚህ ብቻ 16,000 ብር ታጥቷል። ወተቱ ከተደፋ ግን የሚታጣው ሙሉው 50,000 ብር ነበር። ስለሆነም ቅቤ መናጡ ኪሣራን የሚቀንስ እንጂ ትርፍ የሚያስገኝ ሥራ ሆኖ መታየት የለበትም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የግማሽ ዓመት መግለጫ አይተው ትርፍ የሚከፋፈሉ ማኅበራት የሁዳዴን ጉዳት ሳይቆጥሩ ስለሆነ ሊጸጸቱ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ወርን ከወር ከማነጻጸር ይልቅ የዘንድሮን ሁዳዴ ከአምናው ሁዳዴ ጋር ማነጻጸር ይሻላል። የጾሙ መግቢያ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ በወር ስም ሳይሆን በጾሙ ቀናት መለየት ያስፈልጋል።

9. የልማት ሠራተኛው ድርሻ

የልማት ሠራተኛው የማኅበሩን ሂሣብ እንዲጽፍ አይጠበቅም፤ መጻፉም ተገቢ አይደለም። ድርሻው የሚከተለው ነው፡-

ሀ) ከየማኅበሩ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሂሣብ እንዲማሩ ማድረግ፤ አንዱ ሲታመም ወይም ሲለቅ መዝገቡ እንዳይቆም፤
ለ) ገንዘብ ያዡና መዝገብ ያዡ አንድ ሰው እንዳይሆኑ ማሳሰብ፤
ሐ) በየወሩ የሙከራ ሚዛኑ መሠራቱን፣ የሊትር ሚዛኑም አብሮ መያያዙን ማየት፤
መ) በሰኔ 30 የመኖና የገንዘብ ቆጠራ በቁጥጥር ኮሚቴ ፊት መካሄዱን መከታተል፤
ሠ) መግለጫው በጉባዔ ላይ አባላት በሚገባቸው ቋንቋ፣ በሰበታም ሆነ በቡራዩና በሱሉልታ አስፈላጊ ሲሆን በአፋን ኦሮሞ ጭምር፣ ጮክ ተብሎ እንዲነበብና በማኅበሩ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ማድረግ።

ማጠቃለያ

የሙከራ ሚዛን መዝገቡ በአግባቡ መያዙን፣ የትርፍና ኪሣራ መግለጫ ደግሞ የዓመቱ ሥራ ያስገኘውን ውጤት ያሳያል። ሁለቱም ከመደመርና ከመቀነስ ያለፈ ዕውቀት አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት በየዕለቱ መመዝገብንና የተቆጠረውን እንዳለ መጻፍን ነው። ማንበብ የማይችሉ አባላት ያሉት ማኅበርም ቢሆን፣ ያስረከቡት ሊትርና የተከፈላቸው ብር በግልጽ ሲነበብላቸው ማኅበሩ የራሳቸው መሆኑን ያውቃሉ። ማኅበራት ይህን ሥራ ከመጪው ሐምሌ 1 ጀምሮ በአዲስ መዝገብ እንዲጀምሩ፣ ለመጀመር ደግሞ በሰኔ 30 ያላቸውን ገንዘብ፣ ክምችት፣ ንብረት፣ ተሰብሳቢና ዕዳ ቆጥረው በመነሻነት እንዲያስቀምጡ እናሳስባለን።